እስከ ፋሲካ የቆመ ፊልም

የድሮ ጥቁርና ነጭ ፊልም እወዳለሁ። ድሮ ስል በልጅነቴ የነበረውን ማለቴ አይደለም፤ እኔ ሳልወለድ፣ ፊልም መናገር በጀመረ ሰሞን የተሠራውን ነው። ተዋንያኑ ድምፅ ማግኘታቸውን ገና ያላመኑ ይመስል፣ ጆሮው ለከበደው ሰው እንደሚያወሩ ሁሉ ቃሉን እየረገጡ ይናገራሉ። ከኋላቸው ቆሎ የሚታመስ የሚመስል ድምፅ አይጠፋም። ታሪኩም ያው ነው፤ ትልቅ ቤት፣ ዝናብ፣ የሚሞት ሀብታም፣ የሚሰበሰቡ ወራሾች፣ ከመጋረጃ ኋላ የሚወጣ እጅ፣ ጮኻ የምትወድቅ ቀጭን ሴት። ሰው ይስቅብኛል። ይሳቅ። የዛሬውን ፊልም ሳይ ማን ማንን እንደገደለ ሳይገባኝ ያልቃል። የእነዚህ ገዳይ ግን ቢያንስ መጨረሻ ላይ ቁጭ ብሎ ለምን እንደገደለ በሥርዓት ያስረዳል።

ባለቤቴ ካረፈች በኋላ ባሰብኝ። ልጅ አልወለድንም፤ ከሥራም ጡረታ ወጥቻለሁ። ቤቴ ከአዲሱ ገበያ ወደ ቁስቋም በሚያወጣው ዳገት ላይ ናት። ጠዋቱ አይከብደኝም፤ ወጥቼ ዳቦ እገዛለሁ፣ ከባለሱቁ ጋር ስለ ብርዱ አወራለሁ። የሚከብደኝ ከምሳ በኋላ ያለው ሰዓት ነው። ቤቱ ዝም ይላል፤ የማቀዝቀዣው ድምፅ ብቻ ይሰማኛል። ያን ጊዜ ስልኬን በገመድ ከቴሌቪዥኑ ጋር አያይዝና አንዱን ፊልም እከፍታለሁ።

አንድ ቀን እንደ ልማዴ ስመለከት ቀጭኗ ሴት ጮኸች። የእነዚያ ሴቶች ጩኸት ደግሞ ቀላል አይደለም። ብዙም ሳይቆይ የግቢዬ በር ተደበደበ። ስከፍት ከአጥር ወዲያ ያሉት ጎረቤቴ ነበሩ፤ ሰባውን ያለፉ፣ ለሰላምታ ያህል ብቻ የምንተዋወቅ ሴት። ነጠላቸው መሬት ይጎተታል፣ ከዘራቸውን እንደ ዱላ ይዘውታል።

«ማነው የሚገድላት?» አሉኝ።

በእኛ ሰፈር ጩኸት ተሰምቶ ቁጭ አይባልም፤ ጉልበት ያለውም የሌለውም ይወጣል።

«ፊልም ነው እትዬ» አልኳቸው፣ አፍሬ።

አላመኑኝም። ገፋ አድርገውኝ ገቡና ቴሌቪዥኑን አዩ። ሴትዮዋ ምንጣፍ ላይ ተዘርራለች።

«ሞተች?»

«ራሷን ስታ ነው።»

«ማን አስደንግጧት?»

«እሱ ገና አልታወቀም።»

ወንበር ስበው ተቀመጡ።

ከዚያ ወዲህ ከምሳ በኋላ መምጣት ጀመሩ። እንግሊዝኛ ስለማያውቁ እኔ እተረጉማለሁ። የእኔ እንግሊዝኛ ደግሞ የትራንዚተር እንግሊዝኛ ነው፤ ዕድሜዬን የፈጀሁት የጉምሩክ ሰነድ ሳገላብጥ ነው። ስለተሰበረ ዕቃና ስለዘገየ ጭነት ከሆነ ማንም አይቀድመኝም። ወንድ ሴትን ሲለማመጥ ግን ቃል ያጥረኛል።

«ምን አላት?» ይሉኛል።

«እንደሚፈልጋት ገለጸላት።»

«ይህን ሁሉ አውርቶ?»

«ዋናው ሐሳብ እሱ ነው።»

«ወይ አንተ! ባለቤትህ እንዴት ቻለችህ?» ይሉና ይስቃሉ። ስለ ባለቤቴ እንዲህ ቀለል አድርጎ የሚያነሳልኝ ሌላ ሰው አልነበረም። ሌላው ሰው ስሟን ሲጠራ ፊቱን ያጠቁራል።

ገዳዩን የሚለዩበት የራሳቸው ዘዴ ነበራቸው። እኔ መርዙን፣ ቁልፉን፣ የእግር ዱካውን ስከታተል እሳቸው ለቅሶውን ነው የሚያዩት። ማን ከልቡ አለቀሰ፣ ማን ቀድሞ ተነሣ፣ ማን ሬሳ ሳይወጣ ሻይ ጠጣ። ፈረንጆቹ እንደሆነ ሁሉም ይጠጣሉ። «እትዬ፣ በእርስዎ አያያዝ እኮ የሚተርፍ የለም» እላቸዋለሁ። ይሁን እንጂ ከእኔ ይልቅ ብዙ ጊዜ የሚሳካላቸው እሳቸው ነበሩ፤ ይህም ያናድደኝ ነበር።

ችግሩ የመጣው በቅበላ እሑድ ነው። እትዬ ሁዳዴ ከገባ ፊልም የሚባል ነገር አያዩም። «ሰው ሲገደል እያዩ ምን ጾም አለ?» ነው የሚሉት። የዚያን ቀን እንግዳ ይዟቸው ዘግይተው መጡ። የተመለከትነው የአንዲት በተሽከርካሪ ወንበር የምትሄድ ባለጠጋ አሮጊት ታሪክ ነበር፤ መርዝ አጠጥተዋት ሞታለች። እኔ የእህቷን ልጅ ጠረጠርኩ፤ እትዬ ሐኪሙን። ጀምበር ስታዘቀዝቅ ከዘራቸውን አነሡ።

«ግማሽ ሰዓት ብቻ ነው የቀረው!» አልኳቸው።

«ለፋሲካ እንጨርሰዋለን። ደግሞ ብቻህን እንዳታየው።»

«አላይም።»

«ማርያምን በል።»

«ማርያምን» አልኩ፣ እንደ ሕፃን።

በጾሙ መጀመሪያ ከቁስቋም ማርያም ቅዳሴ ሲመለሱ በር ላይ እጠብቃቸዋለሁ። ሰላምታው ሳያልቅ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ሐኪሙ ነው» ይሉኛል። «ይሄም እኮ ያስገድፋል» እላቸዋለሁ። አማትበው፣ እየሳቁ ያልፋሉ። በዚያች አፍታ ብቻ የቀረው ቀኔ ይቀለኝ ነበር።

ጾሙ ሲጋመስ ልጃቸው ልትወስዳቸው በመኪና መጣች። የምትኖረው ከከተማው ሌላኛው ጫፍ፣ ኮንዶሚኒየም ነው። ጉልበታቸው ዳገቱን እንዳልቻለ፣ ብቻቸውን መሆናቸውም እንደሚያሳስባት ነገረችኝ። እትዬ ከመኪናው መስኮት አንገታቸውን አውጥተው «ለፋሲካ መጣሁ! ቃልህን!» አሉኝ። መኪናው ቁልቁለቱን እስኪጨርስ ቆሜ አየሁ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ጊዜ እንዴት እንዳሳለፍኩት አላውቅም። ስልኬን በከፈትኩ ቁጥር ፊልሙ እዚያው አለ፤ ከሥሩ ያየነውን ያህል የተሰመረች ቀይ መስመር፣ ከእሷ ቀጥሎ ያላየነው ባዶ። ጣቴን ማሳረፍ ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። ሌሎች ፊልሞችን ሞከርኩ፤ ማንን እንደጠረጠርኩ የምነግረው ሰው ስለሌለ መሐል ላይ እዘጋቸዋለሁ። እውነቱን ለመናገር የገዳዩ ማንነት ያን ያህል አላስጨነቀኝም። እትዬ ካልተመለሱ ወደ ቤቴ የሚገባ ሰው የለኝም፤ ያስፈራኝ እሱ ነው። ፊልሙ እስካላለቀ ድረስ የሚመለሱበት ጉዳይ አላቸው ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

ፋሲካ ደረሰ። ቤቱን ጠረግሁ፣ የወንበሩን ጨርቅ አጠብኩ፣ ድፎ ዳቦ ገዛሁ። በዕለቱ አልመጡም፤ ከልጅ ጋር ይዋላል፣ ደግ ነው አልኩ። በማግሥቱም አልመጡም። ዳቦው እየደረቀ ሄደ። በሳምንቱ፣ በዳግም ትንሣኤ፣ አላስቻለኝምና ደወልኩ።

«ክርስቶስ ተንሥአ እሙታን» አልኳቸው።

«በዐቢይ ኃይል ወሥልጣን! አንተ ሰው፣ ደኅና ነህ? ስማ፣ ሐኪሙ ነው! አላልኩህም?»

ያው የተለመደው ጨዋታችን መሰለኝና ደስ አለኝ። «መቼ መጥተው እናረጋግጥ ታዲያ?»

«ምኑን? አየሁት እኮ! የፋሲካ ዕለት ለልጅ ልጄ ታሪኩን ስነግራት ፈልጋ አገኘችው፤ ቁጭ ብለን ጨረስነው። ትርጉሙን ብትሰማ! የፍቅሩንም ወሬ አንዲት ቃል አታስቀር።» ሳቁ። «እዚህ ተመችቶኛል፤ ዳገት የለ፣ ምን የለ። ያንን ቤት ልጄ ልታከራየው ነው። እንግዲህ እዚሁ ነኝ።»

«ደግ ነው» አልኩ። እንደዚያን ቀን የከፋኝ ባለቤቴን ቀብሬ የተመለስኩ ዕለት ብቻ ነው፤ ለፊልም ነው ወይ የሚለኝ ካለ ይበለኝ።

«መርዙን ጓንቱ ውስጥ መደበቁስ አልገረመህም?» አሉኝ።

«እኔ እንኳ ገና አላየሁትም።»

ከኋላቸው የሕፃናት ጫጫታ ይሰማል። ከዚያ ቀስ ብለው፣ ሌላ ሰው በሚመስል ድምፅ፣ «እስካሁን ጠብቀኸኝ ነበር እንዴ?» አሉኝ።

«ኧረ አይደለም እትዬ! ቴሌቪዥኑ ተበላሽቶብኝ ነው።»

«እሰይ! እኔማ ጠብቆኝ ከሆነ ብዬ ክው አልኩልህ!» አሉና ከልባቸው ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ቴሌቪዥኑን ቶሎ አሠራ ብለው መክረውኝ፣ መርቀውኝ ዘጉ።

ያቺን ግማሽ ሰዓት እስከ ዛሬ አላየኋትም።