ፕሮፌሰሩና የሚደማው ድድ

የሰፈራችን አናጢ ትምህርት ያቆመው ከአራተኛ ክፍል ነው፤ የማያውቀው ነገር ስለሌለ ግን «ፕሮፌሰር» እንለዋለን። ልቡ ውስጥ ሰው ሠራሽ ቫልቭ ስላለ ደሙ እንዳይረጋ በየቀኑ ዋርፋሪን ይውጣል። ጉልበቱን ሲያመው ማንንም ሳያማክር አስፕሪን ጨመረበት። በሳምንቱ ድዱ መድማት ጀመረ። ሊቁ ጥፋተኛውን ወዲያው ደረሰበትና የጥርስ ብሩሹን ወርውሮ ጣለው።

ነርሲንግ የምትማረው የእህቱ ልጅ የበለዘ ክንዱን አይታ ደነገጠች።

«አጎቴ፣ ይሄንንም ብሩሹ ነው ያደረገው?»

«መዶሻ ነክቶኝ ይሆናል።»

ዓይኗ ከዋርፋሪኑ አጠገብ የተቀመጠው አስፕሪን ላይ አረፈ። «ሁለቱ መድኃኒቶች ያለ ሐኪም ትእዛዝ ሲደረቡ እኮ ደም አልቆም ይላል!»

እየጎተተች ሐኪም ቤት ወሰደችው። ደሙ ተመረመረ፣ አስፕሪኑ ቀረ፣ ድዱም ዳነ።

አሁን ለደም ምርመራ ወረፋ ሲጠብቅ አጠገቡ የተቀመጠውን ሁሉ ስለ አስፕሪን ያስተምራል። የእህቱ ልጅ ፈተናዋን ያለፈችውም እሱ አስጠንቷት ነው አሉ።