ዘፈን የተጫነበት ምርቃት

ደብረ ማርቆስ ውስጥ፣ ከመናኸሪያው ወረድ ብላ ባለች ጠባብ ሱቅ፣ የሰው ሠርግ ወደ ስልክ ስገለብጥ ስንት ዓመቴ! የዲቪዲ ማጫወቻቸው ተሰብሮ ዲስኩ ብቻ ሳጥን ውስጥ የቀረባቸው ሰዎች ይመጡና “ይቺን በስልኬ እንዳያት አድርግልኝ” ይሉኛል። እኔም ስልካቸው ወይም ታብሌታቸው ሊያጫውተው በሚችል ዓይነት ቀይሬ እጭንላቸዋለሁ። ኮምፒውተሬ አርጅቷልና አንዱን ሠርግ ቀይሮ እስኪጨርስ ረፋዱ ያልቃል።

እስከዚያ ድምፁን ዘግቼ አያለሁ። በመጋረጃው ቀዳዳ የገባችው ፀሐይ ግድግዳው ላይ ቀስ እያለች ትሄዳለች፤ ሰዎቹ ያለ ድምፅ ይጨፍራሉ፣ ይጎራረሳሉ፣ ያለቅሳሉ። እንቅልፍ ይሁን ንቃት የማይለይ ነገር ይይዘኛል። ከዚህ ሁሉ ሠርግ የተነሳ አንድ ቀን መንገድ ላይ የማላውቀውን ሰው “እንዴት ከረምክ!” ብዬ አንገቱን አንቄ ስሜው አውቃለሁ። ሰውዬው ግራ እየገባው “ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን” አለኝ። ሚስቱን ሲያገባ ሦስት ጊዜ እንዳየሁት በምን ይወቅ? በህልሜማ ሳልጠራ የማልገባበት ዳስ የለም።

ጥር ላይ፣ አንድ ማክሰኞ፣ ከይጁቤ የመጣች ሴት ገባች። ከነጠላዋ ሥር ዲስክና ታብሌት አወጣች።

“ወንድሜ፣ የእኔ ሠርግ ነው” አለችኝ። “ሌላው ቢቀር ግድ የለኝም፤ አባቴ ሲመርቀኝ ያለውን ብቻ ነው የምፈልገው።”

አባቷ ከሞተ ሁለት ዓመቱ ነው። እሑድ ደግሞ ታናሽ እህቷ ልታገባ ነው። “እህቴ ያለ አባት ምርቃት ከቤት አትወጣም። ታብሌቱን እሱ ይቀመጥበት በነበረው ወንበር ላይ እናደርገዋለን። የምትስመው ጉልበት ባይኖርም ድምፁን ትስማ።” ዲስኩን አይታው ታውቅ እንደሆን ስጠይቃት፣ አንዴ ጎረቤት ቤት በጫጫታ መሐል አይታው እንደነበር ነገረችኝ። እኔም “ይቺማ ምን አላት፣ ሐሙስ ነይ” አልኳት። አፌ እንዲህ ነው፤ ሁልጊዜ ይቀድመኛል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚባለው ለእኔ ብጤው ነው።

ስትሄድ ዲስኩን ከፈትኩት። ገና ሲጀምር ቀይ ጽጌረዳ ከላይ ይረግፋል፣ ሁለት ልብ ተያይዞ ይሽከረከራል። ወይ ጉድ! የእኔው እጅ ሥራ ነው። ያን ጊዜ ሠርግ መቅረጽም ማቀናበርም እንጀራዬ ነበር። ሙሽሪት ተንበርክካ የአባቷን ጉልበት ትስማለች፤ ካሜራው ቀስ ብሎ ወደ ሽማግሌው ፊት ይጠጋል፤ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፣ ዙሪያውን የቆመው ሰው “አሜን” ይላል። የሚሰማው ግን ኦርጋንና ከበሮ ነው።

ያኔ ሁላችንም እንዲያ ነበር የምንሠራው። ንግግር ያለበትን ቦታ ሁሉ ጫጫታ ነው ብለን ድምፁን አጥፍተን ዘፈን እንጭንበታለን። ደንበኛም ቢሆን “ዘፈኑ አነሰ” ብሎ ይቆጣን ነበር እንጂ “ምርቃቱ የት ሄደ” ያለን አልነበረም። ዋናውን ካሴት ፍለጋ አልጋዬ ሥር ያለውን ካርቶን ገለበጥኩት። ካሴቱን አገኘሁት፤ ሌላ ሠርግ ተቀርጾበታል። ያን ጊዜ አንዱን ካሴት እየደጋገምን ነበር የምንቀርጽበት። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም። እዚያው ካርቶኑ አጠገብ ቁጭ ብዬ ራሴን የሚገባኝን ያህል ሰደብኩት።

ሐሙስ መጣች። “ዲስኩ ተጭሮ ነው” ብዬ ልገላገል አስቤ ነበር፤ ፊቷን ሳይ አልቻልኩም። “እህቴ፣ የአባትሽ ድምፅ የለም። ያጠፋሁት እኔ ነኝ” ብዬ ሁሉንም ነገርኳት።

“ምን ብሎ እንደመረቀኝ አላስታውስም” አለች። “እያለቀስኩ ነበር። በኋላ በቪዲዮው እሰማዋለሁ ብዬ ነበር።” ታብሌቷን ይዛ ወጣች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ዓርብ ረፋድ ላይ ከእናቷ ጋር ተመለሰች። እናቲቱ ቀጠን ያሉ፣ ዓይናቸው የማያርፍ አሮጊት ናቸው። ገና በሩ ላይ ሆነው “ባሌን ድዳ ያደረግኸው አንተ ነህ?” አሉኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

“እኔ ነኝ እናቴ፤ ይቅር ይበሉኝ።”

“እግዜር ይቅር ይበልህ። ደግሞ እሱ የሚያውቀው አንድ ምርቃት ነው፤ ለልጅም ለጎረቤትም ያንኑ ነበር የሚለው። አርባ ዓመት ሰምቼው ይጠፋኛል? እስቲ አሳየኝ።”

ዘፈኑን አጥፍቼ ምስሉን ለቀቅኩላቸው፤ ድምፃቸውን ልቀዳ ስልኬን አፋቸው ሥር ያዝኩ። የሽማግሌው ከንፈር ሲከፈት የአሮጊቷም ተከፈተ።

“ወልዶ ለመሳም፣ ዘርቶ ለመቃም ያብቃሽ። አፈር ብትዘግኚ ወርቅ ይሁንልሽ። ክፉ አይይሽ። ቤትሽ አይጉደል።”

ከንፈሩ ሲያርፍ ያርፋሉ፣ ሲጀምር ይጀምራሉ። ድምፁ ከማን አፍ እንደሚወጣ ጠፋኝ፤ ሽማግሌው ራሳቸው ከእስክሪኑ ወዲያ ቆመው የሚናገሩ መሰለኝ። ልጅቱ በየመሐሉ “አሜን” ትላለች። ምን መብት ኖሮኝ እንደሆነ እንጃ፣ እኔም “አሜን” አልኩ።

አሮጊቷ ምርቃቱን ጨረሱ። የባላቸው ከንፈር ግን አልቆመም። ሽማግሌው ፊታቸውን ከልጃቸው መለስ አድርገው፣ ከምስሉ ዳር ውጪ ለቆመ ሰው አንድ ነገር ተናግረው ፈገግ አሉ።

“እዚህ ጋስ ምን እያሉ ነው እናቴ?”

“መልሰው” አሉኝ። መለስኩት። “ድገመው።” ደገምኩት። በሦስተኛው ጉንጫቸው ርሶ ነበር።

“እማዬ፣ ምን አለ?” አለች ልጅቱ።

“እዚያ ጋ የቆምኩት እኔ ነኝ” አሉ አሮጊቷ፣ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሰብስበው። “ይሄ የእኔ ነው፤ ለሙሽራ አይሆንም።” ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። “ስማ፣ ምርቃቱን ከድምፄ ጋር ለእሷ ጫንላት። ይቺን ለብቻዋ ቁረጥና በእኔ ስልክ አድርግልኝ። ደግሞ ዘፈን ጨምርበትና አሳይሃለሁ!”

ስልካቸው ትንሽ ባለ አዝራር ናት። ምስሉን አሳንሼ፣ እሷ በምትቀበለው ዓይነት ቀይሬ ጫንኩላቸው። ሰባት ሰከንድ ብትሆን ነው፣ ድምፅ የሌላት። እንዴት እንደምትከፈት ሳሳያቸው ራሳቸውን ነቀነቁና አዝራሩን ተጫኑ፤ ከዚያ ስልኳን አንስተው ጆሯቸው ላይ አደረጓት።