የጥሩወርቅ ጉርድ ፎቶ

ፒያሳ ካለ ፎቶ ቤት ሥራ የገባሁ ዕለት ባለቤቱ ጋሽ ደምሴ ጫፉ መርፌ የመሰለ እርሳስ ሰጡኝና መስኮቱ ሥር ካለች ዘመም ያለች ጠረጴዛ አስቀመጡኝ። የጠረጴዛዋ መሐል መስታወት ነው፤ ብርሃን ከታች ይገባል። ፎቶው የሚታተምበት ፊልም፣ ኔጌቲቩ፣ እላዩ ላይ ይቀመጣል።

“ጠባሳና ማዲያት ኔጌቲቭ ላይ ክፍት ሆኖ ብርሃን ያሳልፋል” አሉኝ። “በእርሳሱ ጫፍ ነጠብ ነጠብ እያደረግሽ ትደፍኚዋለሽ። ፎቶው ሲታተም የለም። ከዚህ ቤት ጠባሳ ይዞ የሚወጣ ደንበኛ የለም።”

ሥራው ገባኝ። ከዶሮ ማነቂያ እስከ አፍንጮ በር የስንቷን ሙሽራ ማዲያት እንዳጠፋሁ እኔ ነኝ የማውቀው። ማንም አያመሰግነኝም፤ ሁሉም ፊቱ እንደዚያ የተፈጠረ ይመስለዋል።

በደርግ ጊዜ ግን ከሙሽራው ይልቅ የሚበዛው ተማሪ ነበር። ሶሻሊስት አገር ለትምህርት የተመረጠ ሁሉ አሥራ ሁለት ጉርድ ፎቶ ይጠየቃል፤ ለፓስፖርት፣ ለጤና ምርመራ፣ ለቀበሌ የድጋፍ ደብዳቤ፣ ለኤምባሲ። ስንቱ ጋ እንደሚለጠፍ ተማሪውም አያውቀውም።

ጥሩወርቅ የመጣችው ያኔ ነው። ኮሌጅ ሁለተኛ ዓመት ነበረች፤ ቡልጋሪያ ሄዳ የእንስሳት ሕክምና እንድትማር ተመርጣለች። የላስታ ልጅ ናት፤ ግንባሯ ላይ በሕፃንነቷ የተነቀሰች መስቀል አለች። ፎቶውን ተነሥታ ስትጨርስ ወደ እኔና ወደ ጋሽ ደምሴ ዞረች።

“አደራችሁን፣ ግንባሬን እንዳትነኩብኝ። ቅጹ ላይ ‘ልዩ ምልክት’ የሚል ቦታ አለ፤ ንቅሳቴን ጽፌበታለሁ።”

“እሺ የኔ ልጅ” አሏት ጋሽ ደምሴ፣ ደረሰኝ እየቆረጡ።

ገና በሩን እንደወጣች ዞረው፣ “አጥፊው” አሉኝ።

“ምኑን?”

“መስቀሉን ነዋ! ሶሻሊስት አገር ግንባሯ ላይ መስቀል ይዛ ልትሄድ? ካድሬ ቢያየው ‘የቱ ፎቶ ቤት ነው ያነሣት?’ ይላል። ደግሞ በፈረንጅ ፊት አገር ታሰድባለች።”

“አትንኩብኝ ብላለች እኮ ጋሽ ደምሴ! ቅጹ ላይም ጽፋዋለች።”

“ቅጹን ማን ያነበዋል? የሚታየው ፎቶው ነው። አጥፊው አልኩሽ!”

አጠፋሁት። እጄን ይቁረጠው፣ ደግሞ አሳምሬ ነው ያጠፋሁት።

ፎቶውን ልትወስድ የመጣችው ወረቀት ማስገቢያው በሚያልቅበት ቀን ነው። ፖስታውን ከፍታ አየች። “ኧረ ምን አድርጋችሁኝ ነው?” አለች። “አማረብሽ እኮ!” አሏት ጋሽ ደምሴ ሳቅ ብለው። እንደገና ለማተም ጊዜ የለም፤ ወረቀቱን የሚቀበለው መሥሪያ ቤት ሊዘጋ ነው። ወደ እኔ አየች። እኔ አቀርቅሬ የሌላ ሰው ብጉር ስደፍን ነበር።

በሦስተኛው ቀን ተመልሳ መጣች። ቅጹን ያነበበ ሰው ተገኝቷል። “ቅጹ ንቅሳት አለ ይላል፣ ፎቶው የለም ይላል፤ በሰው ፎቶ ልትወጪ ነው?” ብሎ ወረቀቷን ይዞባታል። ጋሽ ደምሴ ምን ቢሉ ጥሩ ነው? “እያየሽ ወስደሽ የለም እንዴ? እኔን ምን አገባኝ?”

ኔጌቲቩን አውጥቼ እርሳሱን በጥጥ ጠረግሁት፣ ጨለማ ክፍል ገብቼ እንደገና አተምኩ፤ ፎቶው በደንብ ሳይደርቅ ይዣት መሥሪያ ቤቱ ሄድኩ።

ወረቀቷን የያዘባት ጸሐፊ ታናሽ ወንድሜን የሚያክል ልጅ ነው።

“ጓድ፣ ያጠፋሁት እኔ ነኝ” አልኩት። “እሷ አትንኩብኝ ብላ ነበር። ኔጌቲቩ ይኸው።”

“ማን አዘዘሽ?”

“የፎቶ ቤቱ ባለቤት።”

“ለምን?”

“እናንተን ፈርቶ።” አምልጦኝ ነው።

“እኛን? እኛ ንቅሳት ከልክለናል?”

“እንግዲያው አልከለከላችሁም። ልጅቷም ፊትህ ቆማለች፣ መስቀሏም ግንባሯ ላይ ነው። እያት እንጂ!”

ቀና እንኳን አላለም። “እኔ የማየው ወረቀት ነው። ይጣራል።”

ሰው እፊቱ ቆሞ ሰውዬውን ከወረቀት የሚያጣራ! ያጠፋሁትን በጽሑፍ አምኜ ፈርሜ ወጣሁ። ጥሩወርቅን እስከ ራስ መኮንን ድልድይ ሸኘኋት።

በሳምንቱ አንድ ወጣት እየተቻኮለ ፎቶ ቤቱ ገባ። “አሥራ ሁለት ጉርድ፣ ለነገ ይድረስልኝ! ተጠባባቂ ነበርኩ፤ ቡልጋሪያ ከሚሄዱት አንዷ ቀረች ብለው ዛሬ ጠሩኝ” አለ። ለደስታው ፊቱ አልበቃውም። የጥሩወርቅ ቦታ ለሌላ መሰጠቱን የሰማሁት ከእሱ አፍ ነው። እሷ ገና “ይጣራል” ተብላ ትጠብቃለች።

ልጁ ምን አጠፋ? በሁለቱም ቅንድቦቹ ጫፍ ላይ ብጣት አለው፤ ልጆች ዓይናቸውን ሲታመሙ በምላጭ የሚበጡት። ጋሽ ደምሴ እንደ ልማዳቸው፣ “እነዚያን ድፈኛቸው” አሉኝ።

“አልነካም።”

“ምን አልሽ?”

“አልነካም! ከፈለጉ ያባርሩኝ።”

አላባረሩኝም፤ እንደ እኔ የሚሠራ ሰው አያገኙም። የልጁ ፎቶ ከነብጣቱ ታተመ፣ ወረቀቱም በአንድ ቀን አለቀ። በጥሩወርቅ የተማርኩት እሱን ጠቀመው። ይሄ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ጥሩወርቅ ቡልጋሪያ የሚሄዱት ልጆች ከበረሩ በኋላ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ይዛ መጣች። ፎቶግራፉ የአመልካቿ መሆኑ ተጣርቶ ተረጋግጧል ይላል።

“አየሽ እትዬ፣ እኔ እኔ ነኝ አሉ” አለችኝ።

ጋሽ ደምሴ ናቸው ብዬ በእሳቸው ላላክክ እችል ነበር፤ ግን ቃሏን በጆሮዬ ሰምቻለሁ፣ የሠራውም የእኔ እጅ ነው።

ይህን ሥራ ለምትጀምሩ የምለው ይህን ነው፦ ደንበኛው አትንኩብኝ ያለውን አትንኩ። አለቃችሁ ንኩ ካለ ራሱ ይሥራው።