ኮዳው ላይ የቀረችው ፊደል

ጠዋት 12፡30፣ ኮዬ ፈጬ

ጎህ ሲቀድ ከኮንዶሚኒየሙ ደረጃ ወረድኩ። በሻሽ የጠቀለልኩት የወታደር ኮዳ ብብቴ ሥር ነው። የጭነት መኪና ሹፌር የሆነው ባሌ ነው ከሰሜን ያመጣልኝ፤ የውሃ ቦይ ሲቆፈር የወጣ ነው፣ የወንድሜ የሰይድ ጦር ሰፍሮበት ከነበረ ኮረብታ ሥር። ሰይድ በደርግ ጊዜ ሄዶ አልተመለሰም። እናቴ እስከ ዛሬ ለቅሶ አልተቀመጠችም። «መጨረሻውን ንገሩኝና አለቅሳለሁ» ትላለች።

ትናንት ኮዳውን በአመድና በዕቃ ማጠቢያ ሽቦ ፈተግኩት። አፈር የለበሰ ዕቃ ይዞ ሰው ቤት ይኬዳል እንዴ? አንዱ ጎን እንደ ሠርግ ትሪ አበራ። ሌላውን ልጀምር ስል ውሃ ሄደ።

1፡40፣ አቃቂ

ከታጨቀው ሚኒባስ ወርጄ ባጃጅ ያዝኩ።

«ማዘር፣ ሕፃን ነው እንዴ? አቅፈሽዋል እኮ» አለኝ ሹፌሩ።

«ወንድሜ ነው።»

ከዚያ በኋላ ጉድጓድ ባየ ቁጥር ቀስ ይል ነበር።

2፡15፣ ጋሽ ተክሌ ግቢ

ጋሽ ተክሌ የብረታ ብረት ፋብሪካ ጡረተኛ ናቸው። ከመሬት የወጣ የወታደር ዕቃ አጽድተው ለቤተሰብ ይመልሳሉ። ጋዜጣ ላይ የራስ ቁር፣ የቀበቶ ዘለበት፣ የዛገ ሳህን ደርድረዋል። ኮዳውን ገልበጥ አድርገው የሚያበራውን ጎን ሲያዩ እጃቸው ቆመ።

«ማነው የፈተገው?»

«እኔ ነኝ ጋሼ። ለክብሩ ብዬ።»

«ወይኔ ልጄን! ወታደር እኮ ስሙን በምስማር የሚጭረው እዚህ ላይ ነው።»

የወንድሜን ስም፣ በገዛ እጄ!

ባልተፈተገው በኩል አፈሩን በለስላሳ ብሩሽና በእንጨት ስንጥር ትንሽ በትንሽ አነሱት። አምስት ሰዓት ሲሆን ጠርዙን ተሻግራ የተጻፈች አንዲት ፊደል ወጣች፤ ድ።

ሰይድ በድ ያልቃል። አህመድም፣ መሐመድም በድ ያልቃል።

«ጋሼ፣ ከፊቷ "ሰይ" ብለው ይጫሩልኝ። እናቴ አርጅታለች።»

«የመሐመድ እናትስ?» አሉኝ።

አፈርኩ። ኮዳውን አድርቀው፣ ዳግም ዝገት እንዳይበላው ስስ ሰም ቀብተው ሰጡኝ። «ከእንግዲህ በሽቦ እንዳትነኪው።»

8፡00፣ ቤት

እናቴ ማንበብ አትችልም። ኮዳውን ጭኗ ላይ አድርጌ ጣቷን ፊደሏ ላይ አኖርኩላት። ውሸቱ ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር።

«ስሙ አለ?»

«ፈትጌ አጠፋሁት እማዬ። አንዲት ድ ናት የቀረችው። የሰይድ ትሁን የሌላ ሰው አይታወቅም።»

«ድ ከስሙ የቱ ጋ ነች?»

«መጨረሻው ላይ።»

«መጨረሻው» አለች፤ ፊደሏን ደጋግማ ዳሰሰቻት። «እኔስ ስጠይቅ የኖርኩት መጨረሻውን አይደል? የማንም ልጅ ይሁን፣ ዛሬ ይለቀስለት።»

«ኢና ሊላሂ» ብላ ሻሿን ፊቷ ላይ ሳበችና ድምፅ አውጥታ አለቀሰች። በሩን ከፈትኩት። የጎረቤት ጫማ ደጃችን ላይ መደርደር ጀመረ።