የመጨረሻው ክፋይ

አሮጌ መጽሐፍ ገልጬ ባሸተትሁ ቁጥር ዓሣ ይሸተኛል። አፍንጫውም እንደ ባለቤቱ ጃጀ እንዳትሉኝ፤ በወጣትነታችን ልብ ወለድ የምናነበው ጣና ዳር፣ አጥማጆች መረባቸውን በሚያሰጡበት ድንጋይ ላይ ነበር።

ሦስት ነበርን፤ እኔ፣ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው መካኒክና የመሪጌታው ልጅ። መጽሐፉ አንድ ስለሆነ በምላጭ ለሦስት እንከፍለውና ክፋዩን በየተራ እንቀባበላለን። ያኔ ከተማው ያበደው ስለ ባሕር ሰርጓጅ መርከብና ስለ ሚሳይል በሚጽፍ አንድ የውጭ ደራሲ ትርጉሞች ነበር። መካኒኩ "ይኼ ሰውዬ ቡሎን ፈትቶ ያውቃል!" ብሎ ይምልለታል። የመሪጌታው ልጅ "ብረቱ ነፍስ አለው፤ ሰዎቹ ግን ብረት ናቸው" እያለ ያጣጥለዋል። እኔ የሞተሩን ገጾች እየዘለልሁ "ጥልቅ ነው" እላለሁ።

ታዲያ ያ አጣጣይ ከሁላችን ቀድሞ ይጨርስና፣ እኔ ገና መሃሉ ላይ ልቤ ተሰቅሎ ሳለ "ካፒቴኑ ይሞታል፤ አትልፋ" ይለኛል። ስንት መጽሐፍ እንዲህ ገደለብኝ! ቂም ያዝሁ።

አንድ ጊዜ ዕጣ ጣልንና የመጀመሪያው አንባቢ እኔ ሆንሁ። ስጨርስ የመሪጌታው ልጅ መጥቶ እጄን ያዘኝ።

"በሞቴ፣ ምን ሆነ?"

"ካፒቴኑ መርከቧን ከነሰዎቹ አሰጠማት። ለማንም እንዳትናገር።"

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ድንጋዩ ዙሪያ ለተሰበሰበው ሁሉ አወጀው። "ጨካኝ ደራሲ! እኔ ራሴ አንብቤ አለቀስሁ!" ተረኛው መካኒክ በዘይት ጣቱ የመጨረሻውን ገጽ ገልጦ ጮክ ብሎ አነበበ። ካፒቴኑ ወደብ ላይ ቁጭ ብሎ ብርቱካን ይልጣል። ሳቁ ለጉድ ነበር። እኔማ ዋና አለመቻሌን ረስቼ፣ በሳቅ ስንፈራፈር ከድንጋዩ ጣና ገባሁ። ጎትቶ ያወጣኝ ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ራሱ የመሪጌታው ልጅ! "አንተ ውሸታም፣ በሰጠምህ!" እያለ።

ዛሬ ሁላችንም አርጅተናል፤ መካኒኩንማ ቀበርነው። የመሪጌታው ልጅ ዓይኑ ጠፍቷል፤ ልቡም ደክሟል። ከሰዓት ከሰዓት ከከተማው ዳር ዘንዘልማ፣ ከልጁ ጋር ወደሚኖርበት ቤት እየሄድሁ የዚያኑ ደራሲ የመጨረሻ ልብ ወለድ አነብለታለሁ፤ በቀን አንድ ምዕራፍ ብቻ። እሱም እንደ ልማዱ ያጣጥላል። ትናንት ግን እጄን እንደ ድሮው ያዘኝ።

"ሐኪሙ ያለውን ሰምተሃል። በሞቴ፣ መጨረሻውን ንገረኝ።"

"አልነግርህም! ቂሜ ገና አልወጣልኝም። መስማት ከፈለግህ ቆይ።"

ሳቀ። እጄን ግን ቶሎ አልለቀቀም።

መጨረሻውን እኔም አላየሁት። ቤቴ ስገባ ምላጭ ፈልጌ የቀሩትን ምዕራፎች እያንዳንዳቸውን ለሁለት ከፈልኋቸው።