ትንፋሽ ቆጠራ

የደም ግፊቴን የለካችው ሲስተር ቁጥሩን አይታ ዝም አለች። ከዚያ ደግማ ለካች። የሐኪም ዝምታን ያህል የሚያስፈራኝ ነገር የለም። «ዕድሜዎ ስንት ነው?» አለችኝ። አንቱ ማለቷ ራሱ አስደነገጠኝ። አርባ አንድ ስላት፣ «መድኃኒቱን እንዳያቋርጡ፣ ጨውም ይቀንሱ። ደግሞ ዮጋ ቢሠሩ ጭንቀቱ ይቀልልዎታል» አለች።

ዮጋ! እኔ ሮቤ ገበያ ጨርቅ ስቆርጥና ከደንበኛ ጋር ስነታረክ የምውል ሴት ነኝ። ሌላ ቀን ቢሆን እስቅባት ነበር። አባቴ ግን የሞተው በአርባ ሁለት ዓመቱ ነው፤ በዚሁ በግፊት።

ሲስተሯ ደግሞ ችክ ያለች ናት። እዚያው ወንበሩ ላይ አስተካክላ አስቀመጠችኝ። «ዓይንዎን ይጨፍኑ። ትንፋሽዎን ብቻ እያዳመጡ ይቁጠሩ» አለች። ሦስት ላይ ብድግ አልኩ። አፌ ደርቋል፣ ልቤ ድው ድው ይላል። «ቤቴ እሠራዋለሁ፣ ኢንሻአላህ» ብዬ ውልቅ አልኩ።

ምን ብዬ ልንገራት? ትንፋሽ መቁጠር የተማርኩት በአሥራ አራት ዓመቴ ነው። አባቴ ስትሮክ መትቶት ጎባ ሆስፒታል ተኝቶ ነበር። እናቴ መድኃኒት ልትገዛ ስትወጣ፣ «ዓይንሽን ከብርድ ልብሱ እንዳታነሺ። ከፍ ዝቅ ሲል ቁጠሪ፤ ከቆመ ሮጠሽ ሰው ጥሪ» አለችኝ። ቆጠርኩ። ሁለት መቶ አሥራ አንድ ስል ብርድ ልብሱ ዝቅ አለ። ሁለት መቶ አሥራ ሁለትን ጠበቅኩ። መሮጥ ነበረብኝ፤ እኔ ግን አሁን ይመጣል፣ አሁን ይመጣል እያልኩ ቁጭ አልኩ። እናቴ ገብታ ስትጮህም እየጠበቅኩ ነበር። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

ቢሆንም መሞት ፈራሁ። አንዲት ልጅ አለችኝ፣ እሷም አሥራ አራት ዓመቷ ነው። እሷን ጥዬ የት እሄዳለሁ? ስለዚህ ከቀትሩ የዙህር ሰላት በኋላ ሱቁን ዘግቼ፣ ቤቴ ገብቼ፣ ስልኬ ላይ አንዲት የዮጋ አስተማሪ ከፍቼ፣ ምንጣፍ ላይ በጀርባዬ መተኛት ጀመርኩ። አልቆጥርም ብል ቁጥሩ ራሱ ይመጣል። አምስት ላይ ላብ ያጠምቀኛል። እነሳለሁ፣ ውሃ እጠጣለሁ፣ ራሴን እረግማለሁ፣ ተመልሼ እተኛለሁ። ልጄ ደብተሯን ይዛ አጠገቤ ትቀመጣለች። ታጠናለች ብዬ ደስ ይለኝ ነበር።

አንድ ቀን አስተማሪዋ፣ አየሩን አስወጥታችሁ ትንሽ ቆዩ አለች። አስወጣሁና ቆየሁ። ለመጀመሪያ ጊዜ ፍርሃቱ የለም፤ ደስ አለኝና እንደገና አስወጥቼ ትንሽ ጨመርኩበት። በሩ ተበርግዶ ሲከፈት፣ ልጄም «ድረሱልኝ! እናቴ!» እያለች ስትጮህ ሰማሁ። ዘልዬ ስነሳ ጎረቤቶች «ማል ታቴ? ምን ሆነች?» እያሉ ደጁን ሞልተውታል። ደህና ነኝ ብዬ፣ አፍሬ፣ አመስግኜ ሸኘኋቸው።

ደብተሯ ምንጣፉ ላይ ወድቋል። አነሳሁት። ትምህርት የሚባል የለበትም፣ ጭረት ብቻ። ከገጽ ገጽ ጭረት ነው።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ትንፋሽሽ ነው» አለች። «ተኝተሽ ብትቀሪስ ብዬ ነው። ሲቆም ሮጥኩ።»

እኔ ያልሮጥኩትን እሷ ሮጣለች። ያን ቀን አባቴ አጠገብ ምን እንዳደረግሁ ለመጀመሪያ ጊዜ ነገርኳት። አቀፈችኝ። ከዚያ ደብተሩን ዘጋሁና ምንጣፉ ላይ አጠገቤ አስተኛኋት። «የእኔን ተይው፤ የራስሽን ቁጠሪ» አልኳት።

ቆየን። «ስንት ደረስሽ?» አልኳት።

«ጠፋብኝ» አለች፣ እንቅልፍ በተጫነው ድምፅ።

እኔ አልጠፋብኝም። የእሷን እየቆጠርኩ ሠላሳ ስምንት ደርሼ ነበር።