የሚያማክሯቸውን አምስት ሰዎች ይጻፉ

የማስተርስ ጥናቴ ስለ ሰዎች ማኅበራዊ ትስስር ነው። ሲያወሩት ያምራል። ሥራው ግን ለኮልፌ ሰው በቴሌግራም ሊንክ እየላኩ «በችግርዎ ጊዜ የሚያማክሯቸውን አምስት ሰዎች ይጻፉ» ብሎ መለመን ነው። ከዚያ የእያንዳንዱ ሰው ዕድሜና ሥራ፣ በምን ያህል ጊዜ እንደሚገናኙም ይጠየቃል። እስከ ዓርብ ስልሳ የተሟላ መልስ ካላስረከብኩ መመረቄ ለከርሞ ነው።

ረቡዕ ጠዋት ጦር ኃይሎች ታክሲ ተሰልፌ ስልኬን ስከፍት ደሜ ፈላ። ስንቱ ሰው አንደኛ ተራ ላይ «እግዚአብሔር» ወይም «አላህ» ብሎ ጽፏል! ዕድሜ? ባዶ። ሥራ? «ሁሉን ቻይ»። በምን ያህል ጊዜ ትገናኛላችሁ? «በቀን አምስት ጊዜ»። «ለሰው መድኃኒቱ ሰው ነው» እያለ የሚውል ሕዝብ፣ ፎርም ላይ ሲደርስ ሰው መጻፍ ያቅተዋል።

አማካሪዬ ጋ ደወልኩ። «አንድ እንኳ ሰው ያልተጻፈበትን ሰርዢው» አሉኝ። ለእሳቸው ቀላል ነው። ስሰርዝ አርባ አንድ ቀረኝ።

ከቀሩት ውስጥ የኛ ሰፈር ሰዎች ደግሞ፣ የስም የመጀመሪያ ፊደል ይበቃል እያልኳቸው «ባለ ሱቋ ማዘር» ብለው ቁጭ። ባለ ሱቋ ማዘር አጥር የምንጋራቸው ጎረቤታችን ናቸው። ባሏ ያኮረፈባት፣ ልጁ ፈተና የወደቀበት፣ ሁሉም ባንኮኒያቸው ላይ ክርኑን አስደግፎ የሆዱን ይዘከዝካል። እኔም ለሙከራ ስሞላ አንደኛ ያደረግኩት እሳቸውን ነበር።

የእሳቸው መልስ ግን ከተሰረዙት ውስጥ ነው። አንደኛ አላህ፣ የቀረው ባዶ። የእሳቸው መሆኑን ለማወቅ ጠንቋይ አያስፈልግም፤ «አድራሻ» የሚለው ላይ «ከእናንተ ግቢ ቀጥሎ» ብለዋል።

በንዴት ሱቃቸው ሄድኩ።

«ማዘር፣ ፎርሙ የሚጠይቀው እኮ ሰው ነው!»

«ያማከርኩትን አይደል እንዴ የጻፍኩት?»

«እሱማ ልክ ነው፤ ግን ሰው ካልተጻፈ ይሰረዝብኛል። ዓርብ ማስረከብ አለብኝ።»

ስኳር መመዘናቸውን ትተው አሰቡ። ብዙ አሰቡ። እኔ ስልኬን ይዤ ተቁነጠነጥኩ። ከዚህ ሁሉ ዘመድና ጎረቤት አንድ ሰው ይጠፋል?

«እንግዲያውስ አንቺን ጻፊ» አሉ። «እንዳይሰረዝብሽ።»

ዕድሜዬን ጻፍኩ፤ ሥራዬን ጻፍኩ። የመጨረሻውን ጥያቄ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው፦ «ለዚህ ሰው ችግርዎን ለመጨረሻ ጊዜ ያካፈሉት መቼ ነው?»

ሃያ ዓመት አጥር ተጋርተን አንድም ቀን «እርስዎስ ምን ሆኑ?» ብያቸው አላውቅም። አፈርኩ።

«ዛሬ በይ» አሉኝ ወደ ስኳራቸው እየተመለሱ። «ብቻ አንቺ ተመረቂልኝ።»

«ዛሬ» ብዬ ላክሁት። ያኔም እንኳ አልጠየቅኳቸውም፤ አርባ ሁለት ሞላልኝ ብዬ ወደሚቀጥለው ቤት ሄድኩ።